የመምህራን የመደራደር መብትና ድምፃችንን የሚጠይቁን ዕጩዎች

የአካባቢ ምርጫ ሲቃረብ ስለ ትምህርት የማይናገር ዕጩ የለም። አዲስ የመማሪያ ክፍል እንሠራለን፣ መጽሐፍና ወንበር እናሟላለን፣ የትምህርት ጥራት እናስጠብቃለን ይባላል። በዚህ ረገድ ገዥው ፓርቲም ሆነ ተቃዋሚው እምብዛም አይለያዩም። ልዩነቱ ሊታይ የሚችለው ሌላ ጥያቄ ሲነሳ ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያስተምረው መምህር ስለ ደመወዙና ስለ ሥራ ሁኔታው በማኅበሩ አማካይነት ከአሠሪው ጋር መደራደር ይችላል ወይ? ይህ ጥያቄ በምርጫ መድረኮቻችን ላይ ተነስቶ ቁርጥ ያለ መልስ ሲሰጥበት አልሰማሁም። ዕጩዎቹ ሸሽተውት ብቻ አይደለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ስለዚህ ሕጉ ምን እንደሚል፣ የመምህራን ማኅበር ከየት ተነስቶ የት እንደ ደረሰ፣ በወረዳ፣ በከተማና በክልል ደረጃ የሚወዳደር ዕጩም በእርግጥ ምን ሥልጣን እንዳለው አንድ በአንድ ማየቱ ይጠቅማል።

ሕገ መንግሥቱ የፈቀደውና የቀረው ሕግ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የሠራተኞችን መብት ይደነግጋል። የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞች፣ ገበሬዎችና ሌሎች የገጠር ሠራተኞች፣ እንዲሁም ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉና የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞች የሥራና የኢኮኖሚ ሁኔታቸውን ለማሻሻል በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይገልጻል። ይህ መብት ከአሠሪ ጋር መደራደርንም እንደሚጨምር እዚያው ላይ ሰፍሯል። ቀጥሎ በፊደል “ለ” ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታን የማሰማት መብት ተቀምጧል። በፊደል “ሐ” ደግሞ በእነዚህ መብቶች ሊጠቀሙ የሚችሉት የመንግሥት ሠራተኞች በሕግ ይወሰናሉ ይላል።

ነገሩ የተቋጠረው እዚህች ላይ ነው። “በሕግ ይወሰናሉ” ማለት ሕግ አውጪው ከመካከላቸው ተጠቃሚዎቹን ይለይ ማለት እንጂ ማንም አይጠቀም ማለት አይደለም። ዳኛውን፣ ዐቃቤ ሕጉን፣ ፖሊሱን፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊውን ለይቶ ማስቀረት ይቻላል። የሁለተኛ ክፍል መምህርት ግን ከየትኛው የኃላፊነት ደረጃ በላይ ሆና ነው ከመብቱ የምትገለለው? የሥራዋስ ጠባይ የማይፈቅድላት በምን ምክንያት ነው?

ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች ተከታትለው ወጥተዋል። አዋጅ ቁጥር 262/1994፣ አዋጅ ቁጥር 515/1999 እና አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ስለ ቅጥር፣ ስለ ደረጃ ዕድገት፣ ስለ ዲሲፕሊንና ስለ ቅሬታ አቀራረብ በዝርዝር ይደነግጋሉ። ስለ ኅብረት ድርድር የሚናገር ምዕራፍ ግን የላቸውም። በሌላ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቀድሞ በሥራ ላይ የነበረው 377/1996ም ሆነ እሱን የተካው 1156/2011፣ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ያወጣቸዋል። መምህሩ በሁለቱ ሕጎች መካከል ወድቋል። አንዱ የመደራደር መብት ይሰጣል፣ እሱን ግን አይመለከተውም፤ ሌላው እሱን ይመለከታል፣ የመደራደር መብት ግን አይሰጥም።

ውጤቱን በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ በቆሙ ሁለት ትምህርት ቤቶች ማየት ይቻላል። በግል ትምህርት ቤቱ የሚያስተምሩ መምህራን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ሥር ናቸው። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም፣ የኅብረት ስምምነት መፈራረምና ሕጉ ያስቀመጠውን ሥርዓት ተከትለው ሥራ ማቆም ይችላሉ። ሥራ ማቆም የተከለከለባቸው እጅግ አስፈላጊ አገልግሎቶች በአዋጁ ሲዘረዘሩ ትምህርት ከመካከላቸው የለም። ከመንገዱ ማዶ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ያንኑ የሒሳብ ትምህርት ለዚያው ክፍል የሚያስተምረው ባልደረባቸው ግን ይህ ሁሉ የለውም። ልዩነቱን የፈጠረው ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው እንጂ የሥራው ጠባይ አይደለም። (የግል ትምህርት ቤት መምህር መብቱን ምን ያህል ተጠቅሞበታል ለሚለው መልሱ አያስደስትም፤ ያ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።)

ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 ያጸደቀችው በ1955 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ስምምነት ቁጥር 98 በመንግሥት አስተዳደር ሥራ ላይ የተሰማሩትን የመንግሥት ሹማምንት አይመለከትም። የድርጅቱ ተቆጣጣሪ አካላት ግን የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህራን በዚህ ውስጥ እንደማይወድቁ በተደጋጋሚ ተናግረዋል። ዩኔስኮና የዓለም ሥራ ድርጅት በመስከረም 1959 ዓ.ም. በጋራ ያወጡት የመምህራንን ደረጃ የሚመለከት ምክረ ሐሳብም ደመወዝና የሥራ ሁኔታ በመምህራን ድርጅቶችና በአሠሪዎች መካከል በድርድር እንዲወሰን ይጠይቃል። በየዓመቱ የመምህራን ቀን የምናከብረው ይህ ሰነድ የጸደቀበትን ዕለት ይዘን ነው። በበዓሉ ንግግር ሲደረግ ሰነዱ ስለ ድርድር የሚለው ሲነሳ ግን ብዙም አይሰማም።

ማኅበሩ ያለፈበት መንገድ

የመምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. ተመሥርቶ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የሚለውን ስም ያዘ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን በመላ አገሪቱ ሥራ ሲያቆሙ ጥያቄያቸው ሁለት ነበር። አንዱ ደመወዝ ሲሆን ሌላው “ሴክተር ሪቪው” ተብሎ የሚታወቀው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ እንዲቀር ነበር። ብዙዎች ዕቅዱን የድሃውን ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይሄድ በር የሚዘጋ አድርገው ተመለከቱት። መንግሥት ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው መምህራን የተደራጁት ለኪሳቸው ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ፣ ማን ይማር ስለሚለውም ተናግረዋል። የመደራደር መብት ማለት የደመወዝ ጭማሪ ጩኸት ብቻ የሚመስላቸው ዕጩዎች ይህን ታሪክ ቢያነቡት መልካም ነው።

በደርግ ዘመን ማኅበሩ ከብዙኃን ድርጅቶች አንዱ ሆኖ በሥርዓቱ ውስጥ ገባ። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፈለና አንድ ስም የያዙ ሁለት ማኅበራት ለዓመታት በፍርድ ቤት ተካሰሱ። ከመንግሥት ጋር ያልተስማማው ወገን ሊቀ መንበር ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ዓ.ም. ታስረው የአሥራ አምስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ የተፈቱት በ1994 ዓ.ም. ነው። የማኅበሩ አመራር አባል አቶ አሰፋ ማሩ በሚያዝያ 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በሰኔ 2000 ዓ.ም. የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማኅበሩ ስምና ንብረት ለሌላው ወገን እንዲሆን ወሰነ። የተሸነፉት በአዲስ ስም ብሔራዊ የመምህራን ማኅበር አቋቁመው ለመመዝገብ ቢያመለክቱም አልተፈቀደላቸውም። የዓለም ሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ ይህን ሁሉ በጉዳይ ቁጥር 1888 እና 2516 መርምሮ መንግሥት ማኅበሩን እንዲመዘግብ ደጋግሞ ጠይቋል።

ከዚህ በኋላ የቀጠለው ማኅበር ምንም አልሠራም ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። የደረጃ ዕድገትን፣ የመኖሪያ ቤትንና የዝውውርን ጥያቄዎች ለመንግሥት ሲያቀርብ ቆይቷል። ሆኖም ማቅረብና መደራደር በሕግ ዓይን አንድ አይደሉም። ጥያቄ የሚቀርብለት አካል ሰምቶ ሊያመሰግንና ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ሊያስቀምጠው ይችላል። የድርድር ግዴታ ያለበት አሠሪ ግን ሲጠራ መቀመጥ፣ በቅን ልቦና መነጋገርና የተስማማበትን መፈረም አለበት፤ የፈረመውን ካላከበረም ይከሰሳል። የመንግሥት መምህራን ማኅበር እንደ ሙያ ማኅበር የመጀመሪያው በር ክፍት ሆኖለታል፤ ሁለተኛው ግን አልተከፈተለትም።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ከቅርብ ጊዜ ማየት ይቻላል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና ከመስከረም 2018 ጀምሮ ተግባራዊ እንደሚሆን የተነገረለት የደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛውን የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ለሚቀጠር ጀማሪ ደግሞ ወደ 11,500 ብር አሳድጓል። ጭማሪው ከኑሮ ውድነቱ ጋር ሲተያይ በቂ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለኢኮኖሚ ባለሙያዎች እንተወው። መምህሩ ግን ውሳኔውን የሰማው እንደማንኛውም ሰው በዜና ነው።

ወረዳው ምን ይችላል? ክልሉስ?

ከ1994 እና 1995 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በመጀመሪያ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች፣ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መስጠት ተጀመረ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ደመወዝ የሚከፈለው ከዚሁ ነው። ከወረዳ መደበኛ በጀት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደመወዝ፣ ከደመወዙም የመምህራን መሆኑን በወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በመሆኑም የደመወዝ ስኬሉ ማዕከል ላይ ይወሰናል፤ ገንዘቡን ፈልጎ በወሩ መጨረሻ የመክፈሉ ዕዳ ግን የወረዳው ነው። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞንና በሌሎች የደቡብ አካባቢዎች ደመወዝ ሳይከፈላቸው የቆዩ መምህራን ሥራ ሲያቆሙ የታየው ይኸው ክፍተት ነው። በትግራይ በጦርነቱ ጊዜ ያልተከፈለው ደመወዝ የክልሉን መምህራን ማኅበር እስከ ፍርድ ቤት አድርሶታል። የኅብረት ስምምነት ቢኖር ኖሮ ገንዘብ ከሰማይ ይወርድ ነበር አልልም። ነገር ግን ደመወዝ የዘገየበት መምህር ማንን ማነጋገር እንዳለበት፣ ወረዳውም የትኛውን ወጪ አስቀድሞ እንደሚከፍል የተጻፈና የተፈረመ ነገር ይኖር ነበር። አሁን ያለው ምርጫ መታገሥ ወይም ወደ ክፍል አለመግባት ነው። የሚጎዳውም ተማሪው ነው።

ስለዚህ ለወረዳ ምክር ቤት የሚወዳደር ዕጩ “ደመወዝ እጨምራለሁ” ካለ አንባቢ ይጠራጠር፤ ሥልጣኑ የለውም። ሊመልስ የሚገባው ሌላ ነው። የመምህራን ደመወዝ ከሌሎች ወጪዎች በፊት እንዲከፈል በበጀት ውሳኔ ላይ ድምፁን ይሰጣል? የዝውውርና የዲሲፕሊን ኮሚቴዎች ውስጥ መምህራን ራሳቸው የመረጡት ተወካይ እንዲገባ ያደርጋል? የርዕሰ መምህራን ሹመት በችሎታ ወይስ በፓርቲ አባልነት እንዲሆን ይፈልጋል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከፖለቲካ አመለካከት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላልና የመጨረሻው ጥያቄ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የክልል ምክር ቤት ዕጩ ሲሆን ጥያቄው ይከብዳል። አንቀጽ 52 ክልሎች የመንግሥት ሠራተኞቻቸውን አስተዳደርና የሥራ ሁኔታ በሚመለከት ሕግ እንዲያወጡና እንዲያስፈጽሙ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። አንቀጽ 42 ደግሞ “በሕግ ይወሰናሉ” ሲል የፌዴራል ሕግ ብሎ አልለየም። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ማውጣት በአንቀጽ 55 ለፌዴራሉ ምክር ቤት የተሰጠ ነው ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ ክርክሩ ዋዛ አይደለም። እኔ ግን የክልሉ መምህር የክልሉ ሠራተኛ እስከሆነ ድረስ ክልሉ በራሱ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ውስጥ የድርድር ሥርዓት ለማስገባት የሚከለክለው ነገር አይታየኝም። ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሥልጣን ለተሰጣት አዲስ አበባም ተመሳሳይ ነው። “ይህ የፌዴራል ጉዳይ ነው” የሚለው የተለመደ መልስ ሲሰነዘር “ሞክራችሁ የትኛው ፍርድ ቤት ወይም የትኛው ምክር ቤት ከለከላችሁ?” ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከጎረቤትና ከሩቅ

የመንግሥት መምህር ሊደራደር አይችልም የሚል ሰው ወደ ናይሮቢ ይመልከት። የኬንያ መምህራን የመንግሥት ተቀጣሪዎች ናቸው፤ አሠሪያቸው የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን ይባላል። ማኅበሮቻቸው ከዚህ ኮሚሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 የኅብረት ስምምነት ፈርመዋል፤ ስምምነቱ ከ2017 እስከ 2021 የሚጸና ነበር። ከዚያ በፊት በ2015 ለአምስት ሳምንት ያህል የቆየ አድማ ነበረ፤ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ነገር ግን ከአድማው በኋላ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ።

ከአካባቢ ምርጫ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ግን የአሜሪካዋ የቨርጂኒያ ግዛት ነው። በርካታ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ እዚያው ናቸው። በቨርጂኒያ የመንግሥት ሠራተኞች የኅብረት ድርድር እ.ኤ.አ. በ1977 በግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በ1993 ደግሞ በሕግ ተከልክሎ ነበር። በ2020 የወጣው ሕግ ከሜይ 2021 ጀምሮ የየአካባቢው ምክር ቤቶችና የትምህርት ቦርዶች ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለውን ራሳቸው እንዲወስኑ አደረገ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሪችመንድ የትምህርት ቦርድ ከቦርዶቹ ሁሉ ቀድሞ ፈቀደ፤ ፌርፋክስ በማርች 2023 ተከተለ። ሕጉ ውሳኔውን ወደ ቀበሌ ደጃፍ ስላወረደው፣ ለትምህርት ቦርድ የሚወዳደር ሰው “መምህራን ይደራደሩ ወይስ አይደራደሩ?” ሲባል የላይኛውን አካል ሰበብ ማድረግ አይችልም።

ሁለት ነገር ደግሞ ለእኛ ይጠቅማል። አንደኛ፣ በቨርጂኒያ የመንግሥት ሠራተኞች አድማ አሁንም ክልክል ነው፤ ድርድሩ ግን ተፈቅዷል። ለመምህራን የመደራደር መብት ከተሰጠ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ የሚል ዕጩ ሁለቱን ነገሮች ቀላቅሎብናል ማለት ነው። አድማን ገድቦ አለመግባባትን በገላጋይ ዳኝነት የሚፈታ ሕግ ማውጣት ይቻላል፤ የእኛ ሕገ መንግሥት ለሁለቱም መብቶች በር የከፈተ ቢሆንም። ሁለተኛ፣ እዚያም የትምህርት ቦርዱ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም፤ ገንዘቡን የሚመድበው የካውንቲው ወይም የከተማው ምክር ቤት ነው። ቃል የሚገባው ሌላ፣ ካዝናውን የሚከፍተው ሌላ መሆኑ የወረዳዎቻችን ብቻ ችግር አይደለም። እነሱ ይህን እያወቁ ሁለቱንም ዕጩዎች ለየብቻ ይጠይቃሉ።

ጥራትና ተጠያቂነት

የዕጩዎች ንግግር መጨረሻው ሁልጊዜ ጥራት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ውጤቱ ይፋ በሆነ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው መምህሩ ላይ ነው። ከፊሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በቂ ዝግጅት ሳይኖራቸው የሚያስተምሩ መምህራን መኖራቸውን መምህራን ራሳቸው አይክዱም። ይሁን እንጂ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ ይቀመጥ፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ይጫን፣ ሥልጠና መቼ ይሰጥ በሚሉት ላይ ድምፅ የሌለውን ሰው በውጤቱ ብቻውን ተጠያቂ ማድረግ ከፍትሕ አይቆጠርም። በሌሎች አገሮች እነዚህ ጉዳዮች በኅብረት ስምምነት ውስጥ ከደመወዝ ጎን ለጎን ይጻፋሉ።

በተቃራኒው ወገን የሚነሳው ጠንካራ መከራከሪያ ገንዘብ ነው። ድሃ ወረዳ ከማኅበር ጋር ተደራድሮ የማይችለውን ፈርሞ ቢገኝስ? ስጋቱ ተገቢ ነው። መልሱም በሕጉ አሠራር ውስጥ ይገኛል፤ የገንዘብ ውጤት ያለው ስምምነት በምክር ቤቱ በጀት ሲጸድቅ ብቻ እንዲጸና ማድረግ ይቻላል። ገንዘብ የማያስወጡ ጉዳዮችም ብዙ ናቸው። ዝውውር በምን መመዘኛ እንደሚፈጸም፣ ቅሬታ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ፣ መምህር ከማስተማር ውጭ በየስብሰባውና በየዘመቻው ምን ያህል እንደሚሠማራ መስማማት ካዝና አያራቁትም። ዕጩው ገንዘብ የለም ካለ ከእነዚህ ይጀምር።

ይህን ሁሉ የሚጠየቀው ዕጩ የሚገኘው ግን ምርጫው ሲካሄድ ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በመላ አገሪቱ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር፤ ያኔ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን ከውድድሩ አግልለው ኢሕአዴግ መቀመጫዎቹን ጠቅልሎ ወሰደ። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ይገባው የነበረው ተራዘመ። በ2013 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነዋሪዎች ምክር ቤቶቻቸውን ሲመርጡ የሌላው አገር ወረዳና ቀበሌ ግን እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ተራው አልደረሰውም። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ በመስከረም 2006 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ክፍል ሳይደግም ከሄደ በ2017 ዓ.ም. ለ12ኛ ክፍል ፈተና ተቀምጧል። አሥራ ሁለቱን ዓመት ሲማር የመምህራኑን ደመወዝ ስለሚከፍለው የወረዳ ምክር ቤት ወላጆቹ አንድም ጊዜ ድምፅ አልሰጡም።